ክቡና ጠርዙ

ከሶፋው ጀርባ ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ግድግዳ ዕጣው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ የሠርግ ፎቶ ይሰቀልበታል፣ ወይ ባዶውን ይኖራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሦስተኛ ዕጣ መጥቶለታል፦ በአንድ ቀለም የተቀባ ትልቅ ክብ፣ ወይም ከወለል ተነሥቶ አናቱ ላይ የሚጎብጥ ቅስት። መሀሉ ላይ መስታወት ሲሰቀልበት ወይም ሥሩ መደርደሪያ ሲቆም፣ ተራው ዕቃ ታስቦበት የተቀመጠ ይመስላል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ካላማረም በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ሥራው ግን የሚገባውን ክብር አግኝቶ አያውቅም። ባለቤቶቹ ቀቢውን ካሰናበቱ በኋላ ትዝ ይላቸውና ከደጅ መልሰው፣ «በዚያው ያቺን ክብ ጣል አድርግልን» ይሉታል።

ግድግዳን በቀለም መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የግድግዳው የታችኛው ግማሽ እጅና ጫማ እንዳያቆሽሸው በጠቆር ያለ የዘይት ቀለም፣ የላይኛው ደግሞ ነጣ ባለ ቀለም ይቀባል። በሁለቱ መሀል የሚያልፈው መስመር በተንጋደደበት ክፍል የተማረ ሰው፣ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ያንን መስመር በዓይኑ ሲያቃና ዓመቱን እንደከረመ ያውቀዋል።

ንድፉ ቀላል ነው። ለክብ አንድ ምስማር፣ ለቅስት ምስማርና ቱምቢ ይበቃል። ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር ለሆነ ቅስት ምስማሩ ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጎኖች በሚያበቁበት ከፍታ መሀል ላይ ይመታል፤ እርሳሱም በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ይዞራል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ሲባጎ ይለጠጣል። በሲባጎ የተሠራ ክብ መነሻውና መድረሻው ሳይገናኝ ሲቀር እጅ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው። ሁለት ቀዳዳ የተበሳለት ቀጭን የእንጨት ስንጥር ይህ ጠባይ የለበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ጠርዝ ነው። ክብ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው።

ስህተቱ የወረቀት ፕላስተር ከተለጠፈ ቀለም አያልፍም ብሎ ማመን ነው። ያልፋል። ፕላስተሩ ሲፈጠርም ለግድግዳ ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ሆኖ ነበር። ቀቢዎቹ አንዱን ቀለም ለመከለል ጋዜጣ በሙጫ ይለጥፉ ነበር፤ ጋዜጣው ሲነሣ ታዲያ ቀለሙ አብሮት ይላጣል። በሚኒሶታ የስሪ ኤም ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ድሩ የቀቢዎቹን ብስጭት ጋራዥ ውስጥ አየና፣ በ1925 በቀላሉ ተለጥፎ በቀላሉ የሚነሣ የወረቀት ፕላስተር ሠራ። እንግዲህ ይህ ፕላስተር የተወለደው ለመኪና ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ልሙጥ ነው። ስቱኮ የተመታ ግድግዳ ግን እጅ ሲያልፍበት ለስላሳ ቢመስልም ጉብታና ጎድጓዳ የሞላው ነው፤ ፕላስተሩ ጉብታው ላይ ሲያርፍ ጎድጓዳው ሥር ክፍተት ይቀራል። ቀለም በዚያች ክፍተት የሚገባው ላምባ በኩራዝ ክር ወደ ላይ በሚሳብበት ሕግ ነው፤ ጠባብ መንገድ ያገኘ ፈሳሽ ማንም ሳይገፋው ይሄዳል።

ጸሐፊው ይህን የተማረው በአንዲት ዘመዱ ሳሎን ነው። ልጅቱ በሚያምር የሸክላ ቀለም ቅስት ቀብታ ፕላስተሩን ስታነሣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ። የሕንፃውን ደረጃ የሚቀቡ አዛውንት በበሩ ሲያልፉ አዩና ቆሙ።

«ጋሼ፣ ፕላስተሩ ርካሽ ስለሆነ ነው አይደል?» አለቻቸው።

«የለም ልጄ» አሉ፤ «መጀመሪያ በግድግዳው በራሱ ቀለም አልደፈንሽውም።»

ብልሃታቸው እንዲህ ነው። ፕላስተሩ በንድፉ ላይ ተለጥፎ ጠርዙ በጥፍር ወይም በስፓቱላ ከተጫነ በኋላ አዲሱ ቀለም አይቀድምም። መጀመሪያ የግድግዳው የቀድሞ ቀለም በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ በስሱ ይቀባል። ሊሾልክ የፈለገው ይሾልካል፤ ነገር ግን የሾለከው ነጭ በነጭ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ክፍተቱም ይደፈናል። ይህ ሲደርቅ የሸክላው ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ መግቢያው ስለተዘጋበት ካለበት አያልፍም። የሚጨምረው የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ማንሣቱም ሥርዓት አለው። ፕላስተር የሚነሣው የመጨረሻው ቅብ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ወደ ራሱ እየታጠፈ፣ በዝግታ ነው። ማታ ቀብቶ «ጠዋት አነሣዋለሁ» ብሎ የተኛ ሰው ቀለሙን በፕላስተሩና በግድግዳው ላይ እንደ አንድ ቆዳ ደርቆ ያገኘዋል፤ ሲስበው ቆዳው ይቀደዳል። ለክብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሰፊ ፕላስተር አይታጠፍም። አጫጭር ቁራጮችን መስመሩ ላይ ደራርቦ መለጠፍ፣ ስንጥሩን በዚያው ምስማር መልሶ አዙሮ በላያቸው መሣል፣ ከዚያም ስቱኮውን ሳይነኩ በምላጭ ቆርጦ የውስጡን ማንሣት ነው መፍትሔው።

እጁን የሚያምን ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ደቡብ አፍሪካዊቷ አስቴር ማህላንጉ የንዴቤሌን የቤት ግድግዳ ቅብ ከእናታቸውና ከአያታቸው መማር የጀመሩት በ10 ዓመታቸው ነው። ቀጥ ያሉትን መስመሮች ያለ ማስመሪያ በዶሮ ላባ ይሥላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ጥበብ የቢኤምደብሊው መኪና ሳይቀር ቀብተዋል። «እጄ አይንቀጠቀጥም» የሚል ባለቤት ሁሉ ግን አስቴር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግድግዳውን በመዳፍ ማሸት ይገባል። መዳፍ ነጭ ዱቄት ይዞ ከተመለሰ ኖራ ነው፤ ኖራ ላይ ፕላስተርም አይዝም። የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ማብለጭለጩ በብርጭቆ ወረቀት መገደል አለበት፤ አለዚያ ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባበት በጥፍር ይላጣል። ሰሞኑን የተቀባ ግድግዳ ከሆነ መጠበቅ ነው። ሲነኩት የደረቀ ቀለም ለመጠንከር ሳምንታት ይፈልጋል።

ለአንድ ክብ ብሎ ሙሉ ጋሎን የሚገዛም አለ። ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 የሆነ ክብ ስፋቱ 1.13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ ቅብ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለሁለት ቅብ ሩብ ሊትር ይበቃል፣ ቀሪው አልጋ ሥር ይደርቃል።

መቀመጥ ያለበት ቀለም ሌላ ነው። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ከሱቅ የመጣ ነጭ ከሳሎኑ ነጭ ጋር አይገጥምም፣ የአዛውንቱ ብልሃትም ያለዚያ ቀለም አይሠራም። ስለዚህ ቤቱን የሚያስቀባ አንባቢ፣ ቀቢው ባልዲውን ሳያጥብ ከግድግዳው ቀለም አንዲት የውሃ ጠርሙስ ያህል ያስቀር፤ ክዳኑን አጥብቆ፣ የክፍሉንም ስም ጽፎበት።