የአሮጌ ሞተር መጋዝ የኮንታክት ጫፎች ጽዳትና ማስተካከያ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ እንደ ሆምላይት ኤክስኤል-12 ያሉ የሞተር መጋዞች ባትሪ የላቸውም። በቮላኖው ላይ የተተከለው ማግኔት በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ በመጀመሪያው ጥቅል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከቮላኖው ሥር ያሉት ሁለት የኮንታክት ጫፎች በድንገት ተላቅቀው ይህን ኤሌክትሪክ ሲያቋርጡት በሁለተኛው ጥቅል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይነሣል፤ ካንዴላውም ብልጭታ ይሰጣል።

መጋዙ ለዓመታት ሳይሠራ ሲቀመጥ ጫፎቹን ስስ ኦክሳይድ ይሸፍናቸዋል፤ የሚሾልክ ዘይትም ያቆሽሻቸዋል። ሞተሩ በገመድ ሲሳብ የሚፈጠረው የመጀመሪያው ጥቅል ቮልቴጅ አነስተኛ በመሆኑ ይህን ሽፋን ጥሶ ማለፍ ይሳነዋል። በዚህም የተነሣ ደኅና ኮይል እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ሊጣል ይችላል።

ጽዳቱ በደቃቅ ሞረድ ተጀምሮ በማሟሚያ ፈሳሽ በራሰ ንጹሕ ወረቀት ይጠናቀቃል። የብርጭቆ ወረቀት ግን ፍርፋሪው በጫፎቹ ላይ ተሰክቶ ስለሚቀር አይመረጥም።

ከጽዳቱ በኋላ ክፍተቱ መለካት አለበት፤ ሞረዱ ብረት ስለሚቀንስ የቀድሞው ልክ አይጸናም። ካሙ ጫፎቹን እጅግ ባራራቀበት ቦታ በፊለር ጌጅ ሲለካ በተጠቀሰው ሞዴል 0.38 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል። ክፍተቱ ሲሰፋ ጫፎቹ ቀድመው ስለሚላቀቁ ብልጭታው ይቀድማል፤ ሲጠብም ይዘገያል። ስለዚህ የሚስተካከለው ርቀት ብቻ ሳይሆን የብልጭታው ጊዜ ጭምር ነው። ብሎኑን ማጥበቅ ልኩን ሊያዛባ ስለሚችል ከጠበቀ በኋላ ዳግም ይለካል።

የጸዱት ጫፎች በአጭር ጊዜ ተቃጥለው ከተገኙ ግን ቀጥሎ የሚመረመረው ኮንደንሰሩ ነው፤ ጫፎቹ ሲላቀቁ የሚፈጠረውን የእሳት ቅስት የሚገታው እርሱ ነውና።