የእርሻ መሣሪያዎችንና ተሽከርካሪዎችን በክረምት ከእርጥበትና ከዝገት መጠበቅ

በምዕራብ ሸዋ ዞን የምትገኘው የጊንጪ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሲሆን፣ አካባቢዋ በአብዛኛው በጥቁር የሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር ውሃን ይዞ የሚያቆይ፣ ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ በክረምት ወራት የዕቃ ቤት ወለልና ግድግዳ በቀላሉ እርጥበት ይስባሉ። በመስኖ የሚያለሙ ቤተሰቦች የውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ከሥራ ውጭ የሚያስቀምጡት ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። በመሆኑም ሞተሩ ከክረምት በኋላ ሲፈለግ ዝጎ ወይም ተጣብቆ ቢገኝ፣ ቤተሰቡ ለጥገና ወጪና ለሥራ መዘግየት ይዳረጋል።

ዝገት እንዴት ይከሰታል?

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። የሚታይ ውሃ ባይኖርም እንኳ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዝገት ይፋጠናል። ሌሊት የቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀዘቅዝም በቤቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታነት ተለውጦ በመሣሪያ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጣሪያው ሳያፈስም መሣሪያ ሊረጥብ ይችላል።

የእርጥበቱን ምንጭ መለየት

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግቶ ጠርዞቹን በፕላስተር ማሸግና ለአንድ ቀን መተው ይቻላል። ውሃው ከላስቲኩ ሥር ከታየ እርጥበቱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ከላስቲኩ በላይ ከታየ ግን ከአየር ነው።

ከመሬት ለሚመጣ እርጥበት ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ ተቀብሎ ከግድግዳ ማራቅና በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ይገባል። አዲስ ወለል ሲሠራም ከሲሚንቶው በታች ጠጠርና ላስቲክ ሊነጠፍ ይገባል። ከአየር ለሚመጣው ደግሞ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አንዱ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ያለ የአየር መተላለፊያ መክፈት፣ በርና መስኮቱንም ፀሐይ በሚወጣበት ሰዓት ከፍቶ በዝናብና በሌሊት መዝጋት ይመከራል።

ለመሣሪያዎች የሚደረግ ጥንቃቄ

ሞተር ከመቀመጡ በፊት በውስጡ የቀረው ውሃ ሙሉ በሙሉ ሊንጠፈጠፍ፣ ከጭቃ ሊጸዳና ሊደርቅ ይገባል። የዛገ ቦታ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ቀለም የማይቀባባቸው የማረሻ፣ የዶማና የማጭድ ስለቶች በዘይት ወይም በግራሶ በስሱ ይታበሳሉ። መሣሪያዎች ከወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ቢቀመጡ፣ ከግድግዳም ቢርቁ የተሻለ ነው። በላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል እርጥበትን አፍኖ ስለሚያስቀር አየር በሚያስገባ ጨርቅ መሸፈን ይመረጣል። ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት የሚስብና ብረትን የሚበላ በመሆኑ ከመሣሪያ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም። የመድኃኒት መርጫም ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይኖርበታል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

ቤቱን ለማድረቅ በሚል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ወይም ሞተር ማስነሳት ለሕይወት አደገኛ ነው። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ሆነ ቀለም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ቤንዚን ባለበት ክፍል እሳት ማንደድም ቃጠሎ ያስከትላል። የተቃጠለ ዘይትም አፈርንና ውሃን ስለሚበክል መሬት ላይ ሊደፋ አይገባም።

እነዚህ ሥራዎች ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት በግንቦት ወር ቢጠናቀቁ፣ በክረምቱም መሣሪያዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ቢታዩ ጉዳቱ ሳይስፋፋ መቆጣጠር ይቻላል። ተጨማሪ ምክር የሚሹ አርሶ አደሮች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማነጋገር ይችላሉ።