ዕዳ ከመኸር ሲቀድም፦ በጣና ዳርቻ በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ከብድር የሚወጣበት መንገድ

ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ፎገራና ደንቢያ በሚዘልቁት የጣና ሐይቅ ዳርቻ የገጠር ቀበሌዎች አብዛኛው ሰው የሚተዳደረው በግል ሥራው ሲሆን፣ አንዱ ሩዝና ዳጉሳ ያመርታል፣ አንዱ ዓሣ ያሰግራል፣ ሌላው በዘጌ ቡና ይለቅማል፣ ሌላውም ደንገል አጭዶ ታንኳ ይሠራል። የእነዚህ ሰዎች ገቢ እንደ ወር ደመወዝ በታወቀ ቀን የሚደርስ ሳይሆን፣ ዝናቡ፣ ነፋሱና ገበያው በፈቀዱበት ወቅት የሚገኝ ነው። ብድር ግን ውል ነውና የራሱ ቀን አለው፤ ያ ቀን ከገቢው ቀን ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ታታሪው ገበሬም ሆነ ልምድ ያለው አስጋሪ ሳይሰንፍና ሳያባክን ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። በገጠር ከዕዳ የመውጣት ጉዳይ ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕዳ የሰውን ነፃነት እንደሚነካ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው እስኪከፍል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ወይም በልብስ ጫፍ ታስሮ አብሮ ይውል ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ሰንሰለቱ ዛሬ ባይኖርም፣ ምርቱን ለማን፣ መቼና በስንት እንደሚሸጥ ራሱ መወሰን የማይችል ባለዕዳ ቁራኛነቱ በሌላ መልክ ቀጥሎበታል።

ሦስቱ የብድር በሮች

በሐይቁ ዳርቻ ገንዘብ የቸገረው ሰው የሚያንኳኳቸው በሮች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዘመድና ጎረቤት ሲሆን፣ ወለድ ባይጠየቅበትም ይሉኝታው ከባድ ነው። ሁለተኛው መደበኛው የገንዘብ ተቋም ነው። በ1987 ዓ.ም. በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ሥራ የጀመረውና በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት የተመዘገበው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭር ስሙ አብቁተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባሕር ዳር ላይ አድርጎ መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ከቆየ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ዋስትና ማለት የሚተዋወቁ ጥቂት ተበዳሪዎች አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆኑበት አሠራር ሲሆን፣ አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ሸክሙ በጎረቤቶቹ ላይ ያርፋል። የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በዚሁ በር ውስጥ የሚመደቡ ናቸው።

ሦስተኛው በር አራጣ ነው። አራጣ ከሕጋዊው መጠን በላይ የሆነ ወለድ የሚጠየቅበት የግል ብድር ሲሆን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ገበሬ በሰኔ 10,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ ተበድሮ በየካቲት ሊመልስ ቢዋዋል፣ በስምንቱ ወር የሚጠየቀው ወለድ 8,000 ብር ይሆናል፤ በሕጉ ጣሪያ ቢሰላ ግን ለዚያው ጊዜ የሚደርሰው 800 ብር ብቻ ነው።

ከእነዚህ በሮች ጎን ለጎን ወለድ አገድ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። በዚህ ልማድ ተበዳሪው ማሳውን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ በየዓመቱ አዝመራውን ይወስዳል፤ ዋናው ገንዘብ ግን ምንም ሳይቀንስ ይቆያል። ዕዳውን ሊከፍል ይችል የነበረው መሬት ራሱ በአበዳሪው እጅ ስለሚገባ፣ ባለማሳው በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከብድር ዓይነቶች ሁሉ ለመውጣት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው።

የማይገናኙት ቀኖች

ገበሬው በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይገዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፤ በመስከረም ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባል፤ እህሉ ግን የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የብድሩ መክፈያ አዝመራው እንደተሰበሰበ ወዲያው ሲሆን ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ በታኅሣሥ በርካሽ የሸጠውንም እህል ያው ገበሬ በሐምሌ በውድ ይገዛዋል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ምርት ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ በመውደቁ፣ ማዳበሪያ በብድር የወሰዱ ብዙ ገበሬዎች ከወትሮው የበለጠ ኩንታል ሸጠው እንኳ ዕዳቸውን መሸፈን አቅቷቸው ነበር። መልካም አዝመራም ቢሆን ብቻውን ከዕዳ እንደማያወጣ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

በፎገራ ሜዳ በበጋ በውኃ መሳቢያ ሞተር የሚለማው ሽንኩርት ይህንኑ ያሳያል። ሩዝ በጆንያ ሆኖ ዋጋ እስኪሻሻል ሊቆይ ይችላል፤ ከማሳ ተነቅሎ በዳስ ጥላ ሥር የተከመረ ሽንኩርት ግን ቀናት ባለፉ ቁጥር አንገቱ ይለሰልሳል፣ ዝናብ ከነካውም ያቆጠቁጣል። ለነዳጅና ለዘር የተበደረውን የሚመልስበት ቀን የደረሰበት አምራች፣ ደላላው መኪናውን ማሳው ጫፍ ላይ አቁሞ የሚጠራለትን ዋጋ ከመቀበል ሌላ አማራጭ አያገኝም።

በሐይቁ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አስጋሪው መረቡን ማታ ዘርግቶ ጎሕ ሲቀድ ያነሣል፤ መረቡ ከተቀደደ ወይም እምቦጭ አረም ከጎተተው አዲስ መግዣ ይበደራል። አበዳሪው ዓሣ ነጋዴ በሚሆንበት ጊዜ ወለዱ በስም አይጠራም፤ ዓሣው ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ለነጋዴው ብቻ እንዲሸጥ ይስማማሉ። ለምሳሌ መረቡ 8,000 ብር ቢያወጣ፣ አስጋሪውም በቀን 10 ኪሎ ዓሣ በኪሎ 40 ብር ቀንሶ ቢያስረክብ፣ በ20 የሥራ ቀን 8,000 ብር ያጣል፤ ይህ የመረቡን ሙሉ ዋጋ የሚያህል ነው፤ ዕዳው ግን አሁንም አለ። በዋጋ ውስጥ የተደበቀ ወለድ ከሚታየው ወለድ የከፋ የሚሆነው ባለዕዳው ስለማይቆጥረው ነው። ከዚህም በላይ በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች በሚወጡበት ወቅት፣ ዕዳ የሚያሳድደው አስጋሪ በወንዙ አፍ ላይ መረቡን እንዲዘረጋ ይገፋፋል፤ በዚህም የዛሬው ዕዳ የከርሞውን ዓሣ ይበላል።

ከዕዳ የመውጣት ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ሥራ ዕዳን መጻፍ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ለማን፣ ስንት፣ በምን ያህል ወለድ፣ እስከ መቼ፣ በማን ዋስትና የሚሉት አምስት ነገሮች ሲሰፍሩ፣ በሐሳብ ውስጥ እንደ ተራራ የከበደው ዕዳ የሚቆጠር ነገር ይሆናል። የትዳር ጓደኛም ደብተሩን ማየት ይኖርባታል ወይም ይኖርበታል፤ ለቤተሰብ ጥቅም ሲባል የገባ ዕዳ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ ዕዳ ነውና ከጋራ ሀብት ይከፈላል።

ሁለተኛው ሥራ ዕዳዎቹን እንደ ወለዳቸው ክብደት ማሰለፍ ነው። አንድ ሰው ከተቋም 20,000 ብር በዓመት ከመቶ 18 ወለድ፣ ከአራጣ አበዳሪ 6,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ፣ ከአጎቱ ደግሞ 3,000 ብር ያለ ወለድ አለበት እንበል፤ በታኅሣሥም 9,000 ብር አገኘ። ገንዘቡን ሁሉ ለተቋሙ ቢሰጥ በዓመት የሚያተርፈው ወለድ 1,620 ብር ነው፤ በ6,000ው አራጣውን ቢዘጋ ግን በየወሩ 600፣ በዓመት 7,200 ብር ያድናል፤ ቀሪው 3,000ም የአጎቱን ይመልሳል። በየወሩ የዳነውን 600 ብር ለተቋሙ እያጠራቀመ ቢከፍል በዓመቱ የትልቁን ዕዳ ወለድ ሸፍኖ ከዋናውም ይቀንሳል። ይሁንና የተቋሙ መክፈያ ቀን ደርሶ ከሆነ ጎረቤት ዋሶች እንዳይጎዱ አስቀድሞ ከተቋሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሥራ የሚያበላውን መሣሪያ መጠበቅ ነው። የእርሻ በሬ፣ ዘር፣ መረብና ታንኳ ለዕዳ ከተሸጡ የቀረውን ዕዳ የሚከፍል ገቢ አይኖርም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ባለዕዳው ለሙያው የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች፣ ገበሬም ሲሆን ለኑሮው የሚያስፈልጉት የእርሻ ከብትና ዘር በፍርድ አፈጻጸም እንዳይያዙ የሚከለክለው ይህንኑ እውነት ስለሚያውቅ ነው። ሕግ ለአበዳሪ እንኳ ያልፈቀደውን ባለዕዳው በራሱ ላይ ሊያደርገው አይገባም፤ መሸጥ ግድ ከሆነ በግና ፍየሉ ከበሬው ይቀድማሉ።

አራተኛው ሥራ ዕዳን በዕዳ ከመሸፈን መቆጠብ ነው። በእጅ ስልክ የሚገኙት እንደ ቴሌብር ያሉ ፈጣን ብድሮች ለአንድ ሳምንት ችግር መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ገንዘብ ለአጭር ጊዜ ብድር የሚቆረጥ ስለሆነ፣ በየወሩ እየታደሰ ከሄደ የዓመቱ ድምር ከፍተኛ ይሆናል። እቁብም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል፤ ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሰው በገንዘቡ አራጣ ቢዘጋበት ብልህ ሥራ ሠርቷል፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእቁብተኞቹ ባለዕዳ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። እድር ለቀብር፣ ወንፈልና ደቦ ለእርሻ ጉልበት ሲውሉ ደግሞ ብድር ሳይወለድ ይቀራል፤ ከአቅም በላይ የሚደገስ ሠርግና ተዝካር ግን የብዙ ቤተሰብ ዕዳ መነሻ ነው።

በመጨረሻም ሰነድ ቸል ሊባል አይገባም። የወለድ መጠን በጽሑፍ ይስፈር፤ ክፍያ በምስክር ፊት ይፈጸም፤ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ዕዳው ሲያልቅም የብድር ወረቀቱ ይመለስ። ዋስ የሚሆን ሰውም ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሆንና እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሆነ እንዲገለጽ ማድረግ አለበት፤ ከፍተኛው መጠን ያልተጠቀሰበት ዋስትና በፍትሐ ብሔር ሕጉ አይጸናም።

የአበዳሪዎች ድርሻ

ሸክሙ ሁሉ በባለዕዳው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድን፣ ገበያንና የሐይቁን ጎብኚ በማወኩ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥም ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን ዋጋ በማስወደዱ፣ በራሱ ጥፋት ያልመጣ ዕዳ የወደቀበት ሰው ጥቂት አይደለም። ተቋማት የሽንኩርት አምራቹን በሽንኩርቱ ወቅት፣ ሩዝ አምራቹን ዋጋ በሚያገግምበት ጊዜ፣ አስጋሪውን ደግሞ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍል ቢያደርጉ የራሳቸው ገንዘብ በተሻለ ይመለስላቸዋል። ከብትና ሰብልን በመያዣነት ማስመዝገብ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011ም ገበሬው ከአራጣ በር ወደ መደበኛው በር እንዲሻገር መንገድ ከፍቷል፤ መንገዱን በየቀበሌው ማስረዳት የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የባንኮች ግዴታ ነው።

ዕዳ ያለበት ሰው ግን አዋጅ እስኪሠራለት ሳይጠብቅ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ፣ ደብተሩን ይዞ፣ አስፈላጊም ከሆነ ሽማግሌ አስከትሎ ወደ አበዳሪው ይሂድ፤ የሚችለውን ቀንና የሚችለውን መጠን በግልጽ ይናገር። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚሸሽ ባለዕዳ አመኔታውን ያጣል፤ ቀኑ ሳይደርስ የሚመጣ ባለዕዳ ግን ገንዘብ ባይዝ እንኳ ጊዜ ያገኛል።