ከሞያሌ እስከ ናይቫሻ፤ በመንገድ ዳር ያሉ ተራሮች

ረጅም መንገድ በአውቶሞቢል የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ የተነሣበትንና የሚደርስበትን። በመካከሉ ያለው አገር በመስኮት በኩል ያልፋል። ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል «እንዴት ያምራል!» ይባልና ጥቂት ቆይቶ ከበስተኋላ ይቀራል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ ያልቆሙበትም ተራራ አይታወስም። እኛም ባለፈው ጥር ወር ከሞያሌ ተነሥተን እስከ ናይቫሻ ባደረግነው ጉዞ ይህን ልማድ ለመተው አስበን፣ በእግር የሚወጣውን ተራራ በእግር፣ በገመድ የሚወጣውን አለት በገመድ እያየን ለማለፍ ወጠንን። በመኪናው ውስጥ የነበርነው አምስት ስንሆን፣ እነዚህም ባልና ሚስት ወዳጆቻችን፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ ሾፌራችንና የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ናቸው።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ በአቧራውና በጭቃው፣ በሽፍታውም ጭምር የሚፈራ ነበር። ዛሬ እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ለብሷል። ከድንበሩ ጀምሮ ግን አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም፤ በኬንያ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። ሾፌራችን የቦረና ተወላጅ ነው። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለው የቦረና ሕዝብ ቋንቋው አንድ ስለ ሆነ፣ እስከ ማርሳቢት ድረስ መንገድ የምንጠይቀው በኦሮምኛ ነበር።

የመጀመሪያ ማረፊያችን ማርሳቢት ሆነ። ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል በጠፍ መሬት ላይ ከተጓዙ በኋላ በድንገት ደን የለበሰ ተራራ ይታያል፤ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ነው። እሳቱ የተወውን ክብ ጉድጓድ የአገሩ ሰዎች ጎፍ ይሉታል። ከጎፎቹም በአንዱ ውስጥ «የገነት ሐይቅ» የሚል ስም የተሰጠው ውሃ ይገኛል። በደኑ ውስጥ ዝሆንና ጎሽ ስላለ የታጠቀ ዘበኛ ሳይዙ በእግር መግባት አይገባም። እኛም ዘበኛውን አስቀድመን፣ በጥላ ሥር ግማሽ ቀን በዝግታ ተራምደን፣ በመኪና የደነዘዘውን እግራችንን አፍታትተን ተመለስን። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ማረፊያ እንዲህ ያለ ቀላል ቢሆን ይመረጣል፤ የማን ጉልበት እስከ ምን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

ከማርሳቢት ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ አርቸርስ ፖስት ከምትባለው ከተማ ሳይደርሱ፣ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ራሱ እንደ አምባ ጠፍጣፋ፣ ጐኑ ራቁቱን የቀረ ገደል ነው። ኦሎሎክዌ ይባላል። የሳምቡሩ ሕዝብ እንደ ቅዱስ ሥፍራ ያከብረዋል፤ በገደሉም ላይ ጥንብ አንሣዎች ጐጆአቸውን ይሠራሉ። የሚወጣበት መንገድ የእግር መንገድ ቢሆንም ረጅምና ዳገታማ ነው፤ መሪውም ከአገሩ ሰዎች መካከል ይያዛል።

በዚህ ሥፍራ የደረሰብንን ስሕተት ለአንባብያን ሳንሸሽግ እንገልጻለን። ወዳጃችን ከመሪው ጋር በቴሌፎን የተነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። መሪው «በስድስት ሰዓት እጠብቃችኋለሁ» አለው፤ ወዳጃችንም ቃል በቃል «ስድስት ሰዓት» ብሎ ነገረን። እኛም እንደ አገራችን አቆጣጠር ቀትር መስሎን ጧት ቁርሳችንን ተዝናንተን በልተን፣ ልክ በስድስት ሰዓት ከተራራው ግርጌ ደረስን። መሪው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀን ኖሯል። የሚያስቀው ነገር፣ በስዋሂሊ ቋንቋ ሰዓት የሚቈጠረው እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው። ስዋሂሊ የሚያውቀው ሾፌራችን ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ፣ «ጋሼ፣ እኔን እንዳናግረው ቢያዙኝ ኖሮ ‘ዐሥራ ሁለት ሰዓት’ ይለኝ ነበር» አለ። የሚያውቀው ሰው ከመካከላችን ተቀምጦ ሳለ አልጠየቅነውም።

መሪው ለጥቂት ጊዜ ፀሐይዋን ተመለከተና አንድ ቃል አስገባን፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የትም እንድረስ የት እንመለሳለን። ሁላችንም እሺ ብለን መውጣት ጀመርን። የጥር ፀሐይ በዚያ አገር እንደ ምጣድ ያቃጥላል፤ አለቱም የዋለበትን ሙቀት መልሶ ይተፋል። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሊትር ውሃ ይዘን ነበር፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከግማሽ በታች ቀረ። ልጁ መጀመሪያ እየዘለለ ከፊት ይሄድ ነበር፤ በኋላ ከእናቱ ጐን ሆነ፤ ከዚያም ማውራቱን ተወ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን የተራራው ጫፍ በእጅ የሚነካ ይመስል ነበር። አባትየው «አንድ ሰዓት ብቻ እንጨምር፤ ይህን ሁሉ መጥተን እንዴት እንመለሳለን?» አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም በልባችን ከእርሱ ጋር ነበርን። መሪው ምንም አልተከራከረም። በድንጋይ ላይ ተቀመጠና በበትሩ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ፀሐይዋን፣ በመጨረሻ የመጣንበትን ፈፋ አመለከተን። እናትየው የልጅዋን የደረቀ ከንፈር አይታ፣ «እኔ ከልጄ ጋር ወርጃለሁ» ብላ ዞረች። ተከተልናት።

በምድር ወገብ አቅራቢያ ምሽቱ አይለምንም፤ 12 ሰዓት ከአርባ ገደማ ፀሐይ ትገባለች፣ ወዲያውም ይጨልማል። ጨለማው የያዘን በመጨረሻው ፈፋ ውስጥ ነበር። የነበረን የእጅ ባትሪ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ መሪው ከፊት እያበራ፣ እያንዳንዱን ሰው በየተራ እጁን ይዞ አወረደ። አንድ ሰዓት ጨምረን ቢሆን ኖሮ ያን ፈፋ ያለ ውሃ፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ የደከመ ሕፃን ይዘን ልንወርደው ነበር። አባትየው መኪናው ዘንድ ስንደርስ የመሪውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም።

ከዚያ ምሽት በኋላ ማረፊያ የምንመርጥበት ሚዛን ተለወጠ። ቀድሞ «ጫፉ ምን ያሳያል?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አሁን ግን አስቀድመን የምንጠይቀው «መውረጃው እንዴት ነው? በስንት ሰዓትስ መመለስ አለብን?» የሚለውን ሆነ። መውጣት በፈቃድ ነው፤ መውረድ ግን ግዴታ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ከኢሲዮሎ በኋላ በናንዩኪ በኩል የሚታየው የኬንያ ተራራ ለመንገደኛ የአንድ ቀን ማረፊያ ሊሆን አይችልም። ከኪሊማንጃሮ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛው ነው። ባቲያን የሚባለው ጫፉ 5,199 ሜትር ሲሆን የሚወጣው በገመድና በሠለጠነ እጅ ነው፤ ሌናና የሚባለው 4,985 ሜትር ጫፍ ግን በእግር ይወጣል። ይሁን እንጂ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በችኰላ የወጣን ሰው ራስ ምታትና ማስመለስ፣ ከባሰም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ይይዘዋል። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ቀን የሌለው ሰው ከታች ሆኖ አይቶት ቢያልፍ ይሻላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ይህን ተራራ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ የኢጣልያ መንግሥት ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ በ1941 ተማርኮ፣ በናንዩኪ አጠገብ ባለው የእንግሊዞች የምርኮኞች ሠፈር ታሰረ። በጥር ወር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከእስር አምልጦ ወደ ተራራው ወጣ። ካርታ ስላልነበራቸው፣ መንገድ ካሳያቸው ነገር አንዱ በቆርቆሮ ምግብ ላይ የተለጠፈ የተራራው ሥዕል ነበር። ባቲያንን ሞክረው በረዶና ዐውሎ ነፋስ ስለ በረታባቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌናና ወጥተው ባንዲራቸውን ተከሉና ወደ እስር ቤታቸው ተመልሰው እጃቸውን ሰጡ። የኢትዮጵያ ሰው የዚያን ሹም ሥራ በበጎ የሚያነሣበት ምክንያት የለውም፤ ቢሆንም ታሪኩ ለተራራ ወጪ የሚያስተምረው አለ። ነፃነቱን ያጣ ሰው እንኳ፣ ያን ያህል የተመኘውን ጫፍ ትቶ መመለስ ባወቀ ጊዜ ነው ሕይወቱ የተረፈው።

ናይሮቢን አልፈን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ናይቫሻ ስንጓዝ፣ የስምጥ ሸለቆው ከግርጌያችን ተዘረጋ። ይህ ሸለቆ የእኛዎቹን የዝዋይንና የሐዋሳን ሐይቆች የያዘው የዚያው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ነው። በመንገዱ ላይ ያለው የሎንጎኖት ተራራ 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። ከበሩ እስከ አፋፉ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ አፋፉን ለመዞር ደግሞ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መንገዱ የተጠረገ፣ የመመለሻውም ሰዓት አስቀድሞ የሚታወቅ ስለ ሆነ ለቤተሰብ ይስማማል። በዚህ ጊዜ ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀምረን፣ ፀሐይ ሳትበረታ አፋፉ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ቆሏችንን በላን፤ ለምሳም ወረድን።

የመጨረሻው ማረፊያችን ከናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ያለው፣ በ1984 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ሔልስ ጌት ነበር፤ ትርጓሜው «የሲኦል በር» ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሜዳ አህያና ቀጭኔ በሚግጡበት መስክ ላይ በእግርና በብስክሌት የሚኬድበት ደስ የሚል ሥፍራ ነው። ከበሩ ራቅ ሳይል በ1883 ወደዚያ በደረሰው በጀርመናዊው ተጓዥ በጉስታቭ ፊሸር ስም የተጠራ፣ 25 ሜትር ያህል ቁመት ያለው አለት ቆሟል። በግርጌው ገመድና የራስ ቁር የያዙ መሪዎች አሉ። ጀማሪ ሰው ወገቡን ታስሮ፣ መሪው ገመዱን ከያዘለት ሊሞክረው ይችላል። ቢሆንም ገመዱ ያልተላላጠ፣ ቋጠሮውም የጠበቀ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነውር የለበትም። ልጁ ተራው ደርሶ የራስ ቁሩን ሲያጠልቅለት፣ መሪውን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው «በየት በኩል ነው የምወርደው?» ብሎ ጠየቀው። መሪው ሣቀና በገመዱ እንዴት እንደሚያወርደው አሳየው። አባትየው ዞር ብሎ ተመለከተን እንጂ ምንም አልተናገረም። ልጁ ግማሽ ድረስ ወጥቶ፣ «ይበቃኛል» ብሎ ወረደ፤ ማንም አልተቈጣውም።

በዚሁ ፓርክ ውስጥ ውሃ የቦረቦረው ጠባብ ሸለቆ አለ። ግድግዳው ከሁለት ወገን ስለሚገጥም መውጫው ጥቂት ነው። ሚያዝያ ወር 2012 ሊጐበኙ የመጡ ወጣቶች በውስጡ ሳሉ ጐርፍ በድንገት ወርዶ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ በ2019ም እንደገና በዚሁ ሸለቆ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከራስ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ርቆ በሚገኝ ደጋ የዘነበ ዝናብ በሸለቆው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከመግባት በፊት ዘበኞቹን መጠየቅ፣ ክልክል ነው ሲሉም ሳይከራከሩ መመለስ ይገባል። በተለይም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከጥቅምትም እስከ ታኅሣሥ ባለው የዝናብ ወራት ሸለቆ ውስጥ አለመግባት ይሻላል።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ለመጓዝ የሚያስቡ አንባብያን ሁሉ፣ ማረፊያቸውን ሲመርጡ ከእኛ ስሕተት ተምረው ቢነሡ ደስ ይለናል። የአገሩን መሪ ያዙ፤ የቀጠሮውንም ሰዓት «ጧት ነው ወይስ ቀትር?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ውሃ ከሚበቃው በላይ፣ ባትሪም ለየሰዉ ይኑር። ቆሎና በሶ አይጥፋ። የመመለሻውን ሰዓት ከታች ሳላችሁ ወስኑ፤ ከላይ ሆኖ መወሰን ከባድ ነውና። ኦሎሎክዌን ጫፉን ሳናይ መተዋችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል፤ ተራራው ግን እዚያው አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው። በሚመጣው ዓመት እንደገና ለመሄድ ተቃጥረናል፤ የቀጠሮው ሰዓትም ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሆን በስዋሂሊ ተነጋግረናል። ለሁላችሁም መልካም መንገድ እንመኛለን።