የልጅ ቃላት ከጓዳ ይጀምራሉ

አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ባዶውን አይመጣም። ስድስት ሰባት ዓመት ሙሉ በቤቱ ሲሰማ የኖረውን ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ብዙ ይዟል፣ ሌላው ጥቂት። ጥቂት የያዘውን ልጅ መምህሩ ከሚናገረው ግማሹ ያልፈዋል፤ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ «ይኼ ልጅ ደካማ ነው» ተብሎ ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። ጉዳዩ የጭንቅላት ሳይሆን የቃላት ስንቅ ሊሆን እንደሚችል ልብ የሚለው ስንቱ ነው?

እኛም ነገ ወላጆችን ሰብስበን ስናነጋግር «ልጅዎን በቤት ይርዱት» ማለታችን አይቀርም። «እንዴት አድርጌ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩ» ሲሉን ግን ደብተርና እርሳስ ይግዙለት ከማለት ሌላ መልስ ያጥረናል። እውነቱን ለመናገር ግን ለዚህ ሥራ ፊደል መቁጠር ግዴታ አይደለም።

የቡናውን ሥነ ሥርዓት እንውሰድ። ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ማራገቢያ፣ ቄጤማ፣ ዕጣን አለ። ቡናው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይሰክናል፣ ይቀዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎም በተራ ይጠራል። የአራት ዓመት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ (ከእሳቱ ራቅ ብሎ ነው እንጂ!) እናቱ የምትሠራውን በስሙ እየጠራች ብታወራው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ያህል ቃል ከነዕቃውና ከነድርጊቱ ያገኛል። «ቆይ፣ ትንሽ ይስከን» ያለችው ቃል ደግሞ ማታ ልጁ ሲራወጥ «ሰከን በል እንጂ!» ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቃል ለቡናም ለሰውም እንደሚያገለግል ልጁ የሚረዳው እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው «ምናምን» የሚሉት ነገር ነው። «ያንን ምናምን አምጪልኝ»፣ «እዛ ነገሩ ላይ አስቀምጠው» እያልን በጣት እናመለክታለን። ልጁ ዕቃውን ያመጣል፣ ስሙን ግን አላገኘም። «ወንፊቱን ከሰፌዱ ሥር አምጪልኝ» ለማለት እኮ የሚጨምረው ጊዜ የለም።

ከስሞች ይልቅ የሚዘነጉት ግሦች ናቸው። ብዙ ልጆች ሁሉንም ነገር «ተቆረጠ» ይሉታል። ነገር ግን እንጀራ ይቆረሳል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፤ እንጨት ይፈለጣል፤ ክር ይበጠሳል፤ ቅጠል ይቀነጠሳል፤ የሲኒ ጠርዝ ይሸረፋል። ልጁ ሲሳሳት መሳቅም ሆነ «አይባልም!» ብሎ መቆጣት አፉን ያስይዘዋል። «እማዬ፣ ውሃው ወደቀ» ሲል፣ «አዎ የኔ ልጅ፣ ፈሰሰ። ማሰሮው ተንጋዶ ነው የፈሰሰው» ብትለው ይበቃል። ትክክለኛውን ቃል ሰምቷል፣ አንድ አዲስ ቃልም ተጨምሮለታል፤ ወዲያው ድገም ብሎ ማስጨነቅም አያስፈልግም። ልጅ ከመናገሩ አስቀድሞ መረዳቱ የታወቀ ነው፤ አንድን ቃል ደጋግሞ፣ በተለያየ ቦታ ከሰማው በኋላ በራሱ ጊዜ ያወጣዋል።

በውጭ አገር በዚህ ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ሐርትና ሪዝሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በካንሳስ የ42 ቤተሰቦችን ንግግር በየወሩ አንድ አንድ ሰዓት እየቀረጹ ውጤቱን በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ድሃ ቤት ያሉ ልጆች የሚነገራቸው ቃል በጣም ያነሰ ነው አሉ። ኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በቤት ውስጥ ያሉ ሌሎች ሰዎች የሚናገሩት በሚገባ አልተቆጠረም ሲሉ ነቅፈውታል። እኛ ዘንድ ይህ ነቀፋ ክብደት አለው። በኛ ቤት የሚያወራው እናት ብቻ አይደለም፤ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል። ይህ ሲባል ግን «ልጅ በአዋቂ ወሬ አይገባም» ተብሎ ወደ ውጭ የሚባረር ሕፃን ከዚህ ሁሉ ሀብት ምን ይደርሰዋል? ለልጁ ጆሮ የማይሆን ወሬ መኖሩን አንክድም፤ የቀረውን ቁጭ ብሎ ቢሰማና «ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ብልግና ሊባልበት አይገባም።

ማታ ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚቀበል ልጅ፣ ዕቃን ስሙን ሳይጠሩ በመልኩ፣ በድምፁና በሥራው መግለጽን ይለማመዳል። መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ለመስጠት ደግሞ የአገር ስም ማወቅ ሊኖርበት ነው! በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ያወሩልን ነበር፤ ያም ሆኖ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ልጁ ጠይቆ ሲጠብቅ አይመልስለትም። አያቱ ግን ትመልስለታለች።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ወላጅን «በቤት አማርኛ ያናግሩት»፣ ወይም እንደ ዘመኑ ፋሽን «እንግሊዝኛ ቀላቅሉለት» ብለን የምንመክር ከሆነ እንጎዳዋለን። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ያለው ያለምክንያት አይደለም። አንዲት የሲዳማ እናት የእንሰቱን ሥራ ከፋቁ እስከ መጋገሩ የምትጠራበትን የራሷን ቃል ትታ በተሰባበረ አማርኛ ልጇን ብታናግር፣ ልጁ የሚያገኘው ከሁለቱም ቋንቋ ጎደሎውን ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እንዲህ ያሉትን እናቶች «እትዬ፣ ይኼ በእርስዎ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብለን ልጁ እየሰማ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በማስታወሻችን ጽፈን ክፍል ውስጥ እንሥራበት።