ጐርፍ የገባበትን ሞተር ስለ መመርመር

ክረምት ለአገራችን የበረከት ወራት ነው። ነገር ግን ዝናሙ ከልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ያው በረከት መቅሠፍት ይሆናል። በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ወደ ድሬዳዋ ከተማ በገባ ጊዜ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አገር ብዙ ሕዝብና ከብት ፈጀ፤ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የፎገራ ሜዳም በውኃ ተሸፈነ። በ2012 ዓመተ ምሕረት ክረምት ደግሞ አዋሽ ከመሄጃው ወጥቶ በአፋር ቆላ ሕዝቡን ከቀዬው አፈናቀለ፤ እርሻውንም አጠፋ።

እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ነፍስን፣ ቀጥሎም ከብትንና እህልን ማዳን የማንኛውም ሹም ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። ጐርፉ ጐድሎ ጭቃው ሲታይ ግን ሌላ ጕዳይ ይመጣል። ትራክተሩ በእርሻው መካከል፣ የጭነት መኪናው በመንገድ ዳር፣ የመስኖው ውኃ መሳቢያ በወንዙ አፋፍ፣ ሁሉም በጭቃ ተለውሰው ይገኛሉ። እነዚህ ዛሬ ከበሬና ከአጋሰስ ጋራ የሚቈጠሩ የእርሻ ረዳቶች ናቸው። በጥቅምት ወር አንድ የውኃ መሳቢያ ቢሰበር በበጋ የሚተከለው ሽንኵርት ይደርቃል፤ አንድ ትራክተር ቢቆም የብዙ ገበሬ ማሳ ሳይታረስ ይቀራል። ስለዚህ የሞተሩ ነገር የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የወረዳውም ጕዳይ ነው።

አሁን ልብ ማድረግ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ቆሞ ሳለ ጐርፍ የደረሰበትን ሞተር ውኃው ብቻውን ፈጥኖ አይገድለውም። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ጐርፉ ካለፈ በኋላ የሚመጣው የሰው ችኰላ ነው። ባለቤቱ ወይም ሹሙ በጭቃው መካከል ቆሞ ሾፌሩን «እስኪ አስነሣው፤ ይሠራ እንደ ሆነ እንይ» ይለዋል። ሾፌሩም ነገሩ እንደማይገባ ቢያውቅ እንኳ የጌታውን ቃል ፈርቶ ቍልፉን ያዞራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ በአንድ ቅጽበት የተሠራው ጥፋት በብዙ ገንዘብ የማይመለስ ይሆናል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ፒስተን የሚባለው ብረት በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ የተሳበውን አየር ያምቀዋል፤ በቤንዚን ሞተር ዐሥር እጅ ገደማ፣ በናፍጣ ሞተር ግን ከ16 እስከ 20 እጅ ያህል ያጠብበዋል። አየር ሲታመቅ ይጠባል፤ ውኃ ግን አይጠብም። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለ ፒስተኑ መንገድ ያጣል፤ እሱን የሚገፋው ቢዬላ የሚባለው የብረት ክንድም ይጐብጣል ወይም ይሰበራል። አንድ ሊትር በሚይዝ የናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ ከአንድ የቡና ስኒ አይበልጥም። የናፍጣን ሞተር ለመስበር የሚበቃው ውኃ ይህን ያህል ጥቂት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ማንም ቍልፍ እንዳይነካ መከልከል ነው። ቀጥሎም የባትሪው ሽቦ፣ አስቀድሞ የኔጋቲቩ፣ ይፈታ። መኪናውን በማርሽ አስገብቶ እየጐተቱ ለማስነሣት መሞከርም ቍልፉን ከማዞር አይሻልም፤ የሚጐተት እንደ ሆነ ማርሹ ወጥቶ፣ ቢቻልም በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

ሁለተኛው ሥራ ሾፌሩን መጠየቅ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ውኃው በደረሰ ጊዜ ሞተሩ ይሠራ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር? ቆሞ ከነበረ ውኃው የገባው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ክንዶቹ ደኅና የመሆናቸው ተስፋ ብዙ ነው። እየሠራ በውኃ ውስጥ ድንገት ከቆመ ግን ውኃውን በአየር መሳቢያው ጠጥቶታልና ቢዬላው ጐብጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከጐርፉ በኋላ ለማስነሣት የሞከረ ሰው እንዳለም ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ በቍጣ የቀረበ እንደ ሆነ ሾፌሩ ደመወዙን ወይም እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ እውነቱን ይሸሽጋል። በሽተኛው ሕመሙን ከሸሸገ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይስታል። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ «እውነቱን በመናገርህ አትቀጣም» ብሎ ቃል ይስጠው፤ ቃሉንም ይጠብቅ።

ሦስተኛው የውኃውን ልክ ማየት ነው፤ ይህም ጭቃው ሳይታጠብ ይሁን። ጭቃው በመኪናው ጎን ላይ የተወው መስመር እንደ ተጻፈ ምስክር ነው። መስመሩ ከጐማው እምብርት በታች ከቀረ ሞተሩን የሚያሠጋው ነገር ጥቂት ነው። ከእምብርቱ ካለፈ የፍሬኑ፣ የጐማው ኩሽኔታ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ይመርመር፤ በሥራ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ተሰብስቦ ውኃን ወደ ውስጥ ይስባልና። የአየር መሳቢያውን አፍ ካለፈ ግን ሞተሩ ሳይመረመር ሊነሣ ከቶ አይገባም።

አራተኛው የሞተሩን ውስጥ በምልክቶቹ ማወቅ ነው። የአየር ማጣሪያው ተከፍቶ እርጥበት ወይም ጭቃ ከተገኘበት ውኃ አልፏል ማለት ነው። የዘይት መለኪያው በትር ወጥቶ ዘይቱ ከልኩ ከፍ ያለ፣ መልኩም ወተት እንደ ገባበት ቡና የነጣ ከሆነ ዘይትና ውኃ ተቀላቅለዋል። ሆኖም ሞተሩ ካልዞረ ውኃው ሳይቀላቀል በዘይቱ ሥር ይተኛልና የበትሩ ንጽሕና አያታልል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ ካደረ በኋላ የዘይቱ መዝጊያ በቀስታ ቢላላ፣ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ አስቀድሞ ይወርዳል። ከሰልባትዮው ሥርም ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው፤ ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። ውኃ የገባበት ናፍጣ የነዳጁን ፖምፓና መርጪያዎቹን ፈጥኖ ስለሚያዝግ ነዳጁ ሁሉ ይፍሰስ።

አምስተኛው የመካኒክ ሥራ ነው። በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ፣ በናፍጣ ሞተር መርጪያዎቹ ወጥተው ዋናው ዘንግ በእጅ፣ በትልቅ መፍቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ውኃ ካለ በቀዳዳው ይወጣል። ዘንጉ በመንገድ ላይ ከያዘ በኀይል አይገፋ፤ ሞተሩ መፈታት አለበት። በደኅና ከዞረ በየሲሊንደሩ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ይጨመር። ቀዳዳው ቀጥ ያለ በሆነበት ሞተር ቀጭን በትር አስገብቶ እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ያለውን ከፍታ መለካት ይቻላል። ከወንድሞቹ ዝቅ ብሎ የሚቀር ካለ ቢዬላው ጐብጧል። ኮምፕረሽኑም ሲለካ ከሌሎቹ በጣም የሚያንስ ሲሊንደር ሕመሙን ያስታውቃል።

በጥቂቱ የጐበጠ ክንድ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ፒስተኑ ተዛብቶ ግድግዳውን እየፋቀ ሳምንታት ይሠራና አንድ ቀን፣ ምናልባትም በመከሩ እኩሌታ፣ ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን አካል ቀድዶ ይወጣል። ደቃቅ የጐርፍ ደለልም በዘይቱ ውስጥ ከቀረ እንደ ሞረድ ሆኖ ኩሽኔታውን ይበላል። ስለዚህ በምርመራው ደኅና የተገኘ ሞተር ዘይቱና ማጣሪያው ተለውጦ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ እንደ ገናም ይለወጥ፤ ነጭነቱ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። ሞተሪኖና ዲናሞው ወጥተው ይድረቁ። በአዲስ ዘመን መኪናዎች ላይ ውኃው የመሪውን አካባቢ ደርሶ ከሆነ፣ ሞተሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ሣጥንና የሽቦዎቹ መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ስለሚዝጉ ጕዳቱ ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

በ2016 ዓመተ ምሕረት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በዝቷል። ጐርፍ የገባበት እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ትልቁ ባትሪው ከቀናት በኋላ እንኳ እሳት ሊያነሣ ይችላልና ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም፤ ከባለሙያ በቀርም ማንም አይንካው።

ትዕግሥት ማለት ግን መዘግየት አይደለም። እርጥብ ብረት በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል። መካኒክ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚችል እጅ ቢገኝ ውኃውን አስወጥቶ ሲሊንደሮቹን በዘይት ማርጠብ ጊዜ ይገዛል። ሹሙም ቀኑን፣ የውኃውን ከፍታ፣ ሞተሩ ሲሠራ ወይም ቆሞ መያዙን፣ የዘይቱንም መልክ በወረቀት ያስጽፍ፤ ፎቶግራፍም ያስነሣ። መኪናው የመድን ዋስትና ካለው ይህ ጽሑፍ ምስክር ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት፣ በአንድ ሜዳ ሁለት ትራክተሮች እኩል በጐርፍ ተይዘው እንደ ነበር ይታሰብ። የአንደኛው ባለቤት በዚያው ቀን አስነሥቶ ሞተሩን ሰበረ፤ የሁለተኛው ግን ሦስት ቀን ታግሦ፣ ዘይትና ማጣሪያ ለውጦ ወደ እርሻው ተመለሰ። ጐርፉ አንድ ነበር፤ የለያያቸው ትእዛዙ ነው። ማዘዝ የተሰጠው ሰው ሁሉ በእንዲህ ያለ ቀን ከሁሉ የሚበልጠው ትእዛዝ «ቍልፉን አትንካ» የሚለው መሆኑን ያስብ።