የቤት ውስጥ የስልክ ሽቦና የብሮድባንድ ፍጥነት

በብሪታንያ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው የስልክ ሽቦ በተዘረጋበት ጊዜ ድምፅ ከማስተላለፍ ያለፈ ተግባር አልታሰበለትም፤ ንግግር በስልክ ለመተላለፍ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ጠባብ የድግግሞሽ ክልል ስለሚበቃው፣ ሽቦው ቢረዝምም ሆነ ወደየክፍሉ ቅርንጫፍ ቢወጣለት ተነጋጋሪዎቹ ልዩነቱን አያስተውሉትም። በዚያው ሽቦ የሚመጣው ብሮድባንድ ግን ከንግግሩ በላይ ያለውን ሰፊ ክልል ይጠቀማል፤ ኤዲኤስኤል የተባለው የመጀመሪያው ሥርዓት እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ ተሻሽሎ የመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ፣ ቪዲኤስኤል 2 ደግሞ በብሪታንያ እስከ 17 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሚዘልቅ፣ ንግግርን ያልጎዳ ጉድለት ብሮድባንዱን ክፉኛ ያደናቅፈዋል።

ሞደሙ ይህን ክልል በብዙ ጠባብ ንዑስ ቻናሎች ይከፋፍለዋል፤ ብዛታቸው በኤዲኤስኤል 256፣ በኤዲኤስኤል 2 ፕላስ 512 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ንዑስ ቻናል የሚሸከመው የመረጃ መጠን በላዩ ባለው የኤሌክትሪክ ረብሻ ልክ ይወሰናል። ጸጥ ያለው እስከ 15 ቢት ሲሸከም የተረበሸው ጥቂት ይይዛል ወይም ጨርሶ ይተዋል፤ የመስመሩ ፍጥነትም የሁሉም ድምር ነው። ከዚህ በተጨማሪ መስመሩ በየጊዜው እየተቋረጠ ካስቸገረ፣ የአገልግሎት ሰጪው የመስመር መቆጣጠሪያ ሥርዓት እንዲረጋጋ ብሎ ለረብሻ የሚተወውን መጠባበቂያ ከተለመደው የ6 ዴሲቤል መጠን በላይ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ማታ ማታ ብቻ የሚከሰት ረብሻ የቀኑንም ፍጥነት ይቀንሳል።

ረብሻው ወደ ቤት የሚገባበት ዋነኛ በር በብሪታንያ የደወል ሽቦ የሚባለው ሦስተኛው ሽቦ ነው። የስልክ መስመር ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙት ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲነካቸው ነው፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሚያነበው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ስለሆነ ሁለቱንም እኩል የነካ ረብሻ ይጣፋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአገሪቱ የተጀመረው ተሰኪ የስልክ ሶኬት ግን በውስጡ 1.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ማለትም ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ አግዶ ተለዋዋጩን የሚያሳልፍ መሣሪያ ይዟል፤ በዚህም አማካይነት የጥሪው ኤሌክትሪክ ተለይቶ በሦስተኛው ሽቦ ወደየክፍሉ ስልክ ደወል ይሄድ ነበር። ይህ ሽቦ የተያያዘው ከጥንዱ በአንደኛው ወገን ብቻ በመሆኑ፣ ካፓሲተሩም ከፍተኛውን ድግግሞሽ ያለ ችግር ስለሚያሳልፍ፣ የጥንዱ ሚዛን ይፈርሳል፤ ሽቦውም እንደ አንቴና በመካከለኛ ሞገድ የሚያሰራጩ የሬዲዮ ጣቢያዎችን፣ የኤሌክትሪክ ሞተሮችንና የቻርጀሮችን ረብሻ እየሰበሰበ ወደ መስመሩ ያስገባል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው ሥራ በፈታ ሽቦ ምክንያት መሆኑ ነው፤ የዛሬዎቹ ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የጥሪውን ኤሌክትሪክ ከሁለቱ ሽቦዎች ይወስዳሉ።

ኤንቲኢ5 የተባለው ዋና ሶኬት ይህን ለመመርመር ያመቻል። የታችኛው ግማሽ ክዳን በሁለት ብሎኖች የተያዘ ሲሆን፣ ብሎኖቹ ተፈትተው ክዳኑ ወደ ፊት ሲሳብ የቤቱ ሽቦ በሙሉ ከመስመሩ ይለያል፤ ከበስተኋላው የመሞከሪያ ሶኬት ይገኛል። ሞደሙ በዚህ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚያሳየው የግንኙነት ፍጥነት ከተለመደው ከበለጠ፣ ትርፉ በቤቱ ሽቦ ሲባክን የቆየ ነው ማለት ነው። ከዚያ በተነሣው ክዳን ጀርባ፣ የደወል ሽቦ የሆነው ነጭ ቀለበት ያለበት ብርቱካናማው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከተያያዘበት ከ3 ቁጥር ማያያዣ ይነቀላል፤ በ2 እና በ5 ቁጥር ላይ ያሉት ጥንድ ሽቦዎች ግን ባሉበት ይቆያሉ። የሶኬቱ የላይኛው ክፍል የመስመሩ ባለቤት ንብረት ስለሆነ አይነካም።

ሁለተኛው ጉዳት ከቅርንጫፎቹ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ምንም ያልተሰካበት ቅርንጫፍ ሽቦ ምልክቱን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ስለሚልከው፣ የሄደውና የተመለሰው በተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ይጣፋሉ፤ 20 ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ይህን የሚያደርገው በ2.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ በተለይ ቪዲኤስኤልን ይጎዳል። ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ በዋናው ሶኬት ላይ ማጣሪያ ያለው ክዳን መግጠም ነው፤ ንግግሩና ብሮድባንዱ ገና በመግቢያው ስለሚለያዩ ወደ ክፍሎቹ የሚሄደው ሽቦ ንግግርን ብቻ ይሸከማል፣ በየስልኩ ላይ ትንንሽ ማጣሪያ መሰካትም ይቀራል። ሞደሙ ከዋናው ሶኬት አጠገብ ተቀምጦ ኢንተርኔቱ በኔትወርክ ገመድ ወደ ሌላው ክፍል ቢወሰድ ይመረጣል፤ በምንጣፍ ሥር የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ማራዘሚያ ሽቦዎቹ ያልተጠማዘዙ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የደወል ሽቦው የብሪታንያ ጉዳይ ቢሆንም የቅርንጫፎቹና የማጣሪያዎቹ ነገር ኢትዮጵያን ጨምሮ ብሮድባንድ በመዳብ መስመር በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ያው ነው። በቤት ውስጥ የሚደረግ ማሻሻያ ግን ቤቱ ከስልክ ጣቢያው ወይም ከመንገድ ዳር ሳጥኑ በመራቁ የጠፋውን ፍጥነት አይመልስም፤ በመሞከሪያው ሶኬት የታየው ፍጥነት የማሻሻያው ጣሪያ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላም መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ መጠባበቂያውን የሚቀንሰው መስመሩ ለቀናት ሳይቋረጥ መቆየቱን አይቶ ስለሆነ፣ ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት እንደ መቋረጥ ሊቆጠርና የሚጠበቀውን ፍጥነት ሊያዘገይ ይችላል።